ከዲክሲስ የተላከች አንዲት ዓረፍተ ነገር

ደንብ የምወድ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ ከጀርባዬ «የማስታወቂያ ሰሌዳ» ይሉኛል፤ አውቃለሁ፣ አይከፋኝምም። አሰላ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ፈተና ላይ አንገቱን ያዞረ ተማሪ አይቼ እንዳላየሁ ያለፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ባለቤቴ «አንቺ ገነት ብትገቢ እንኳ መጀመሪያ የምትጠይቂው መተዳደሪያ ደንቡን ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው በመሆኔ ነው መሰለኝ፣ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ያንን ሥራ ሲሰጡኝ ዓይኔን ሳላሽ የተቀበልኩት።

ሥራው ማስተርጎም ነበር። መንግሥታት ተሰብስበው ስለ ዓለም ሲወስኑ የሚወሰንበት ሕዝብ በቦታው የለም ብለው የተቆረቆሩ ሰዎች፣ ከየአገሩ ተራ ሰው በዕጣ መርጠው የሚያወያዩበት ጉባኤ አቋቁመው ነበር። ባለሥልጣን አይፈለግም፣ ምሁር አይፈለግም፤ ዕጣ የወጣለት ማንም ይሁን። ጉባኤው የሚካሄደው በኢንተርኔት ሲሆን፣ የሚመክረውም የዓለም ጉዳይ የሚወሰንባቸው መድረኮች ለሕዝብ እንዴት ይከፈቱ በሚለው ላይ ነው። በመጨረሻ የደረሰበትን ጽፎ ለትልቁ የመንግሥታት ስብሰባ ያቀርባል። ዕጣው ካረፈባቸው የዓለም ቦታዎች አንዱ የእኛው የአሰላ ጎረቤት ዲክሲስ ሆነ። እዚያም የሰው ስም በወረቀት ተጽፎ ኮፍያ ውስጥ ተጨመረና ሲወጣ፣ ስልሳውን ለተሻገሩ አንዲት ገብስ አምራች እናት ደረሰ።

ዕጣ ወጣላቸው ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ወተት ይዞ እንኳን ደስ አለዎት ሊል መጣ። ምን እንደደረሳቸው ግን የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ትራክተር ነው አለ፤ ሌላው የለም፣ ዱባይ ሊልኳቸው ነው አለ። እሳቸው እየሳቁ «የደረሰኝ ወሬ ነው» ይሉ ነበር። አማርኛቸው ለገበያ የሚበቃ ስለሆነ የምናወራው በኦሮምኛ ነው፤ እኔ እዚሁ አሰላ ስላደግኩ ሁለቱም ቋንቋ አፌን የፈታሁበት ነው። እሳቸው «ባርሲስቱ» ይሉኛል፣ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው። እኔ እማማ እላቸዋለሁ።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ ወረቀት አስፈረሙኝ። አስተርጓሚ የተባለውን ብቻ ይተረጉማል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ አይመክርም፣ የራሱን ሐሳብ አይናገርም ይላል። ከሱ ጋር የጉባኤውን ደንብ አያይዘው ሰጡኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሚከፈለኝ አበል ይልቅ ደስ ያለኝ ደንቡ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ዲክሲስ ላይ ኔትወርኩ ስለማያስተማምን እማማ በየቅዳሜው በሚኒባስ አሰላ ይመጣሉ፤ ከመናኸሪያ በባጃጅ እስከምንሰበሰብበት ቢሮ በር። ለጉባኤው የተዋስናት ክፍል አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አላት። ነፋሱ ሲዞር የብቅል ፋብሪካው ሽታ በመስኮቱ ይገባል፤ እማማ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው «ገብሳችን መጣ» ይላሉ። ሁልጊዜ በፌስታል ጭኮ ይዘው ነው የሚመጡት፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ። ማስታወሻዬ ቅቤ ያልነካው ገጽ የለውም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ። ጉባኤተኛው ብዙ ስለሆነ አሥር አሥር ሰው እየሆነ በክበብ ተከፍሏል። በእኛ ክበብ አሥር ባለዕጣዎች አሉ፣ ካጠገባቸው የየራሳቸው አስተርጓሚ፣ ከዚያ ደግሞ አወያያችን፣ ቁጣ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ወጣት። «እያንዳንዳችሁ በሁለት ደቂቃ ራሳችሁን አስተዋውቁ» አለ። የእማማ ተራ ደረሰ። ሻሻቸውን አስተካከሉና ሰላምታ ጀመሩ። እንዴት ናችሁ? ልጆቻችሁ ደህና ናቸው? ከብቶቻችሁስ? ዝናቡ እንዴት ነው፣ የታመመባችሁ ሰው አለ? ይህን ለሁሉም በጅምላ ቢሉት እኮ ጥሩ ነበር። እሳቸው ግን አንድ በአንድ ነው፤ መልስ ሳያገኙ ወደሚቀጥለው አያልፉም። በአንድ ብርዳም አገር የሚኖሩ ሽማግሌ ግራ ገብቷቸው «ከብት የለኝም፣ ድመት ግን አለችኝ» አሉ። «ድመቷስ ደህና ናት?» አሉ እማማ። እዚህ ላይ ሁለት ደቂቃው አለቀና መሣሪያው ድምፃቸውን ቆረጠው። ስማቸውን እንኳ አልተናገሩም።

ተናደድኩ። «እማማ፣ የተሰጠዎትን ጊዜ በሰላምታ ጨረሱት እኮ» አልኳቸው።

«ሳልጠይቃቸው ምን ልነግራቸው ነው ታዲያ?» አሉኝ፣ ጭኮውን ወደኔ እየገፉ።

በሳምንቱ ስንገባ ሽማግሌው ድመታቸውን አቅፈው ስክሪኑ ላይ ጠበቁን። ወፍራም ብጫ ድመት፣ ፊቷን አኩርፋ። አንዷ ሴት የእናቷ ጉልበት እንደተሻለው ነገረችን፤ ሌላው ዝናብ ጣለልን አለ። አወያዩ የላከልንን አጀንዳ ሳየው ከሁሉም በላይ «ሰላምታ፣ አሥር ደቂቃ» የሚል ተጽፎበታል። ደንብ ሆነ ማለት ነው። ደንብ ከሆነ ደግሞ እኔ ምን አግብቶኝ።

ከአሥሩ መካከል ዝም የሚሉት በውቅያኖስ መሃል ባለች ትንሽ ደሴት የሚኖሩት ዓሣ አጥማጅ ሴት ነበሩ። በእማማ ዕድሜ ይሆናሉ። ከኋላቸው ሁልጊዜ ጨለማ ነው፤ አንድ መብራት ግንባራቸው ላይ ያርፋል። እማማ በየሳምንቱ «ዓሣውስ እንዴት ነው?» ሲሏቸው፣ ፈገግ ብለው «ተኝቷል» ይላሉ። ሁላችንም እንስቃለን። ከዚያ እንቀጥላለን።

በሦስተኛው ሳምንት የቤት ሥራ ተሰጠን፤ ጎረቤቶቻችሁን ጠይቃችሁ የሚሉትን ይዛችሁ ኑ ተባለ። እሁድ ዕለት ከእማማ ጋር ዲክሲስ ወረድኩ። ገብሱ ሊያሸት ቀለሙን ይዟል። ከማሳው ዳር ወንዱም ሴቱም ተሰብስቦ ተቀመጠ፤ እማማ መሃል ሆነው ነገሩን አስረዱ። ሰዉ ገና ሲሰማ ያወራው ስለ ዓለም አልነበረም፤ ስለ መኪና ነበር። «መኪና ይመጣል» አሉ አንድ አዛውንት፣ «ይጠይቁናል፣ ወረቀት ይሞላሉ፣ መኪናው ይሄዳል። ምን እንደጻፉ፣ ምን እንደወሰኑ ግን ተመልሶ የነገረን የለም።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ከዚህች ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀን። እኔ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ቶሎ ቶሎ ላርም እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። አንዱ «ይንገሩን» ይበል ይላል፣ አንዷ «በስልክ እንዳይሆን» ትላለች፣ ሌላዋ «በማን ቋንቋ?» ትላለች። አንድ ሰው ቅር እያለው አይታለፍም፤ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። እኔ ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ እጅ አስወጥቼ በአምስት ደቂቃ እገላገለው ነበር። ጀምበር ሲያዘቀዝቅ ይህቺ ወጣች፦ «ስለ እኛ የወሰነ ሰው ተመልሶ ይምጣ፤ የወሰነውን በቋንቋችን ፊት ለፊት ይንገረን፤ ጥያቄያችንንም ይዞ ይሂድ።» ስጽፋት እውነቴን ነው፣ የማርመው አጣሁባት። ሲሸኙን አዛውንቱ እማማን «ይህቺን ሳታስገቢ እንዳትመለሺ» አሏቸው። ሁሉም ሳቀ። እማማ ግን አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለዚያች ዓረፍተ ነገር ዘብ መቆም ሆኑ። የእኛ ክበብ አንድ ምዕራፍ ነበር የሚያዘጋጀው፤ ተራ ሰዎች በዓለም መድረክ ላይ ከመንግሥታት ጎን ቋሚ ወንበር ይኑራቸው የሚል። የእማማም ዓረፍተ ነገር እዚያ ውስጥ ገባች። ነገር ግን ረቂቁ በተመለሰ ቁጥር ትንሽ ተላጭታ ትመጣለች። አንድ ቀን «ተመልሶ ይምጣ» የሚለው ወጥቶ «ሪፖርት ያቅርብ» ተብሎ መጣ። እማማ ሰምተው ትንሽ አሰቡና «ሪፖርት እግር አለው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩት። ባለድመቱ ሽማግሌ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ አወያዩም አጎንብሶ «ይምጣ» የሚለውን መልሶ ጻፈ። እኔ እንኳ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ውሃ የምጠጣ መሰልኩ።

አሥረኛው ቅዳሜ ድምፅ የሚሰጥበት ነበር። ደንቡ ቀላል ነው። የተስማማ አረንጓዴውን ይጫናል፣ ያልተስማማ ቀዩን። አንድ ቀይ ከመጣ ተቃውሞው በግርጌ ተመዝግቦ ምዕራፉ ያልፋል፤ ሁለት ቀይ ከመጣ ምዕራፉ እንዳለ ይወድቃል። ከነዓረፍተ ነገሩ ማለት ነው። የድምፅ መስጫው ሩብ ሰዓት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ እስኪዘጋ ድረስ ድምፅን መቀየር ይቻላል። እማማ ማውስ መያዝ ተምረው ስለነበር ራሳቸው አረንጓዴውን ተጫኑ። ዘጠኝ አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ። ቀዩ የደሴቷ ሴት ድምፅ ነበር።

አወያዩ «አመሰግናለሁ፣ አንድ ተቃውሞ ይመዘገባል፣ ምዕራፉ ያልፋል» አለ። እኔ በሆዴ እልል አልኩ።

«ምን ሆነው ነው እሳቸው?» አሉ እማማ።

«አይጠየቅም» አልኳቸው። «ደንቡ ይመዘገባል ነው የሚለው። አልፏል እኮ እማማ፣ ገብታለች።»

ስክሪኑን አዩ። ከዚያ ማውሱን ሳብ አድርገው ቀዩን ተጫኑት።

ደሜ ፈላ። «ምን አደረጉ? የራስዎን እኮ ነው የጣሉት!» ብዬ ጮህኩባቸው፤ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ላይ። ወዲያው ከአወያዩ ለእኔ ብቻ የተላከ መልእክት መጣ፤ በስህተት የተነካ ይመስላል፣ ብታስተካክይላቸው ይላል። ሰዓት ቆጣሪው ከአሥር ደቂቃ ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። ልናዘዝ፤ እጄ ማውሱ ላይ ደርሶ ነበር። እንግሊዝኛውን አያነቡት፤ አንድ ጊዜ ጫን ማድረግ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሰው ማሳ ዳር ውሎ ያወጣት ዓረፍተ ነገር ስለምን ትቅር? ለሳቸው ብዬ፣ ለዲክሲስ ብዬ ነው እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ኋላ እንደምንም ራሴን ያዝኩና «እማማ፣ አውቀው ነው የተጫኑት?» አልኳቸው።

«አውቄ ነው» አሉ። «ባርሲስቱ፣ አንቺ እዚሁ አድገሽ ሲንቄ አታውቂም? ሴት ተበደልኩ ብላ በትሯን ይዛ ደጅ ከወጣች የሰማች ሴት ሁሉ ሥራዋን ጥላ ትወጣለች። ጥፋቱ የማን ነው የሚባለው ኋላ ነው። መጀመሪያ ብቻዋን አትቁም። እኚህ ሴትዮ ያው ደጅ ቆመዋል፤ እኛ ደግሞ መዝግበን በር ልንዘጋባቸው ነው።»

«ዲክሲስ ምን ይላሉ?»

«ባዶ እጇን መጣች ይበሉኝ። ሴት ደጅ ጥላ ገባች ከሚሉኝ ይሻለኛል።» እንደዋዛ እንዳላደረጉት ያኔ ገባኝ።

ሲንቄ ማለት ያገባች ሴት የምትይዘው ቀጭን በትር ነው። ያሉትን አንድ ቃል ሳልጨምር፣ ሳላስቀር ተረጎምኩ። የደሴቷ ሴት አስተርጓሚ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ስትነግራቸው አየሁ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እናንተ ስትቀመጡ እኛ ዘንድ እኩለ ሌሊት አልፏል። አሥር ሳምንት ሙሉ ከእንቅልፌ ተነስቼ ነው የምመጣው፤ ንጋት ላይ ደግሞ ባሕር እወርዳለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ለአወያዩ ለብቻው ነግሬው ነበር፤ ቴክኒካዊ ጉዳይ ተብሎ ተያዘ። አሁን ይህ ምዕራፍ ሰው ሁሉ በእኩል ይቀመጣል ይላል። እኔ ነቅቼ ተቀምጬ አላውቅም።»

ዓሣው ተኝቷል ሲሉን የነበረው ለካ ይህንን ነው። በየሳምንቱ ነግረውናል፣ እኛም በየሳምንቱ ስቀናል። አፈርኩ። በተለይ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ።

አወያዩ ተጨንቆ «በጣም ይቅርታ፣ ግን የሰዓቱ ነገር በእርግጥ ቴክኒካዊ ነው፣ ምዕራፉ የሚመለከተው ትልልቁን መርህ ነው» አለ። እማማ ተርጉሜ እስክጨርስ እንኳ አልጠበቁም። «እኛ ዘንድ ምንጩ አንድ ነው፣ ከብቱ ብዙ ነው። ሰው በውሃው ተጣልቶ አያውቅም፤ የሚጣላው በተራው ነው። ተራውን የያዘ ነው ውሃውን የያዘው» አሉ። ባለድመቱ ሽማግሌ «ልክ ናቸው» አሉ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላዋ። አንደኛው ሰው የስብሰባ ሰዓት በየጊዜው በዓለም ዙሪያ ይዙር፣ አንድ ሕዝብ ሁልጊዜ እንቅልፉን አይክፈል የሚል መስመር አረቀቀና አነበበ። ግን ቆጣሪው ሠላሳ ሴኮንድ ቀርቶታል፤ አወያዩ ፊቱ ገርጥቶ «የድምፅ መስጫውን ማራዘም ደንቡ የሚፈቅድልኝ አይመስለኝም» አለ።

ይሄኔ ማይክሮፎኑን ከፍቼ ተናገርኩ። ማንም ያላለውን፣ የራሴን። «ይፈቅዳል» አልኩ። «የክበቡ አባላት በሙሉ ከተስማሙ አወያዩ አንድ ጊዜ ማራዘም ይችላል። የደንቡ የመጨረሻ ገጽ፣ ከታች ሁለተኛው አንቀጽ።» በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንብ ጣስኩ፤ የጣስኩትም ደንብ ለመጥቀስ ነው። አሥሩም እጃቸውን አወጡ። አወያዩ ገጹን ፈልጎ ሲያገኘው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ ሲስቅ ሰማሁት።

አዲሱ መስመር ገባ፤ እንደገና ተጫኑ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። የደሴቷ ሴት ከሁሉም ቀድመው ነው የተጫኑት፣ እማማ ከሁሉም በኋላ፣ እሳቸውን እያዩ። አሥር አረንጓዴ።

«ገባች?» አሉኝ።

«ገባች እማማ። ከነእግሯ ገባች።»

እልልታቸውን ለቀቁት። ከአጠገባችን ካለው ቢሮ ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ ሮጦ መጣ፤ ጭኮ አቀመሱት። ስክሪኑ ላይ ያሉት የእልልታውን ነገር ሳያውቁ ያጨበጭባሉ፤ ድመቷ ደንግጣ ከሽማግሌው ጭን ወርዳ ጠፋች። እኔ ዓይኔን ጠረግኩ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያለቅስ ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ኖሮ ምን ይሉ ነበር እያልኩ ሳቅኩ።

አወያዩ ጉሮሮውን ጠረገ። የቀረን አንድ ስብሰባ ነው፣ የመጨረሻው፤ አሁን ያጸደቅነውን በራሳችን ላይ ካልጀመርነው አያምርም አለ። እዚያው አስልቶ፣ በደሴቷ ረፋድ ላይ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ወደኛ ዞሮ አቅማማና ሰዓቱን ነገረን። በእኛ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ይሆናል። የኅዳር ሌሊት፣ የአሰላ ውርጭ፣ ከዲክሲስ መጥቶ ማደር፣ በማግስቱ የሚታጨድ ገብስ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝና ስተረጉምላቸው ድምፄ ዝቅ አለ። የደሴቷ ሴት ከዚያ ማዶ አንገታቸውን ደፍተው መልሱን ይጠብቃሉ።

እማማ ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«በያቸው» አሉኝ። «እንመጣለን። ተራው የኛ ነው።»